የትራክተሯ ዋስ

ሌላው ሰው የታጨደ ሣር ሲሸተው ደስ ይለዋል። እኔ ደሜ ይፈላል። ባለፈው ሳምንት አርሊንግተን፣ ሐጂ ኑርዬ ለቅሶ ሄጄ፣ ገና ከልጄ መኪና ሳልወርድ ከአዳራሹ ማዶ አንድ ሰው በትንሽ ትራክተር ሣር ሲያጭድ አየሁ። ናፍታውና እርጥቡ ሣር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ልጄ ነጂባ “እማ፣ ምነው ፊትሽ ተለወጠ?” አለችኝ። “ምንም” አልኳት። ምንም አልነበረም እንዴ! ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ነገር ነው እንደ ትናንት ፊቴ የመጣው። ውስጥ ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሻዬን ሳልጨርስ ደግሞ፣ ከመጋረጃው ማዶ፣ ከወንዶቹ በኩል አንድ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። አብዱ ነው። ያቺን ትራክተር የሸጠልን አብዱ። ምን ሲል እንደ ሰማሁት ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ ላውራው፤ ከሥሩ የሚያውቁት ባለቤቴ ሰይድና ሐጂ ኑርዬ ሁለቱም አፈር ገብተዋል፤ የቀረነው እኔና አብዱ ብቻ ነን።

ያን ጊዜ እዚሁ ቴክሳስ፣ ቤድፎርድ ነበርን፤ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ አምስት ሰው። ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር ብዙ የማያልፍበት፣ ሀምበርገር በዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም የሚገዛበት፣ አገር ቤት ደውሎ ሰላምታ ሳያልቅ ግን የግማሽ ቀን ደሞዝ የሚነድበት ዘመን ነው። እኔ ግሬፕቫይን ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ምድር ቤት ካለው የልብስ ማጠቢያ፣ አንሶላ አጥፋለሁ። ጫማዬ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በሁለት ዶላር የገዛሁት ነጭ የነርስ ጫማ ነበር፤ ከእሱ በኋላ ስንት ጫማ አድርጌያለሁ፣ እንደ እሱ እግሬ የተስማማው የለም። ሰይድ ኤርፖርት መንገደኛ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። ቀበቶው ላይ ቢፐር አንጠልጥሎ ይንጎራደዳል፤ ከእኔ ሌላ የሚጠራው ሰው እንደሌለ እሱም እኔም እናውቃለን። አውቶቡሱ ባዶ ሲሆንለት ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ኖሮ ውኃ ውስጥ የገባ የሚመስል የወሎ መንዙማ ይከፍታል። አሁን የልጅ ልጆቼ ያንኑ መንዙማ ስልካቸው ላይ ጥርት አድርገው ያሰሙኛል። ጥራቱ ምን ያደርግልኛል፤ የሰይድ ማንጎራጎር የለበት።

መሬቱን የገዛነው ለአረፋ በግ ብለን ነው። አሁን በየሰፈሩ ሐላል ሥጋ ቤት አለና ይኼ ለልጆቹ ተረት ይመስላቸዋል። ያን ጊዜ ግን አረፋ ሲደርስ የእኛ ሰው በመኪና ተጭኖ ገጠር ለገጠር ይዞር ነበር፤ በየእርሻው በር እየቆመ በግ ሽጡልን እያለ። አንድ ዓመት ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ በጉን እየዳሰሰ “ለልጆቻችሁ መጫወቻ ነው?” ቢለን፣ ሰይድ አፍሮ “አዎ” አለው። ውሸቱ አናዶኝ የዚያ ዓመት ሥጋ አልጣፈጠኝም። ሰይድም አልጣፈጠውም መሰለኝ፣ በማግሥቱ “የራሳችን በግ ይኖረናል” ብሎ ተነሣ። ከፎርት ዎርዝ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ፣ አምስት ኤከር ቀይ አፈር፣ እሾሃም ዛፍ የበዛበት፣ ከወገብ በላይ በሚያድግ ሣር የተዋጠ፣ ቤትም ውኃም የሌለው መሬት አገኘ። ሲያየው ፊቱ ላይ የበራው መብራት እስከ ዛሬ ይታየኛል። አሁን ዙሪያውን ጣሪያቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ቤቶች ከበውታል፤ ያን ጊዜ ግን እባብና ጉንዳን ብቻ ነበር ጎረቤታችን።

ሣሩ ካልታጨደ በግ አይገባበት፣ አጥር አይተከልበት። በበጋ ደግሞ ደርቆ አንድ ሲጋራ ቢወድቅበት አገር ያቃጥላል፤ የጎረቤት መሬት ባለቤት መጥቶ “ካላጸዳችሁ እከሳለሁ” ብሎናል። ሰይድ ታዲያ በእረፍት ቀኑ ረጅም ማጭድ ይዞ ብቻውን ይሄዳል። አንድ ቀን እኔም አብሬ ሄጄ፣ ምሳ ላበላው ብጠራው ዝም አለ። ሣሩ መሃል በአፉ ተደፍቶ አገኘሁት። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ቆዳው እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ስሜን አላወቀውም። ሐኪሙ ልቡን አይቶ “ከእንግዲህ በዚህ ሙቀት ማጭድ ብትይዝ ሚስትህ ትቀብርሃለች” አለው። ሰው ሲተርፍለት ያመሰግናል፤ እኔ ከሆስፒታሉ ስንወጣ ተቆጣሁ። “ወይ ትራክተር ትገዛለህ፣ ወይ መሬቱ ይሸጣል” አልኩት። “መሬቱ ከተሸጠ እኔንም አብረሽ ሽጪኝ” አለኝ። እንግዲህ ትራክተር መፈለግ ጀመርን።

አዲሱ ትራክተር የሚታሰብ አልነበረም። መሸጫው ውስጥ ገብተን ዋጋው የተጻፈበትን ወረቀት አይተን፣ መቀመጫው ላይ እንኳ ሳንቀመጥ ወጣን። ያገለገለውም ትልቁ ትልቅ ነው፤ ለአምስት ኤከር ዝሆን መግዛት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጣውን የማስታወቂያ ጋዜጣ ነጂባ እያነበበችልን ወር ከረምን። ያን ጊዜ ነው አብዱ የመጣው። አብዱ የደሴ ልጅ ነው፤ እናቱን አውቃታለሁ። ወጣት፣ በሐምሌ የቆዳ ጃኬት የሚለብስ፣ ጡብ የሚያህል ሞባይል ስልክ እጁ ላይ የማይጠፋ። አርሊንግተን ዳር ላይ በሽቦ የታጠረ ግቢ ተከራይቶ፣ ጃፓን አገር ሲሠሩባቸው የኖሩ ትንንሽ ትራክተሮች በሂውስተን ወደብ እያስመጣ ይሸጣል። “ለጋሽ ሰይድማ በመጣችበት ነው የምሰጠው። ማለቴ፣ ትርፍ አልፈልግም፤ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ፣ ጨርሻለሁ” አለ።

ባለቤቴ ቁም ነገር የሚገዛው ሽማግሌ ይዞ ነው። ሐጂ ኑርዬን ይዘን ሄድን። ሐጂ ኑርዬ ያን ጊዜ ስልሳ አምስት ሳይሞላቸው አይቀርም፤ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ መኪና የማይነዱ፣ ትከሻቸው ላይ ፎጣ፣ እጃቸው ላይ ሙስበሃ የማይለያቸው ቀጭን ሰው። የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የተጋባ የሚመርቁ። ወደ አብዱ ግቢ የወሰድናቸውም ለምርቃት ብለን ነው።

ግቢው ውስጥ ስምንት ወይ ዘጠኝ ትራክተር ተደርድሯል። የእኛ የተባለችው ብርቱካንማ ቀለም የተቀባች፣ ቁመቷ ከእኔ ደረት የማያልፍ፣ ማርሾቿ ላይ የጃፓን ፊደል የተጻፈባት ናት። ሰይድ መሪዋን ይዞ እንደ ሙሽራ ቆመ። አብዱ መሪዋ ሥር ያለች፣ ቁጥር የምታሳይ ክብ መስታወት አሳየን፤ “ትራክተር ዕድሜው በኪሎ ሜትር አይቆጠርም፣ በሠራበት ሰዓት ነው። ይኸው፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዓት። ሕፃን ናት!” አለ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቴ የባቲ ሰኞ ገበያ ነበር። አባቴ በቅሎና ግመል ነጋዴ ነው፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ገመድ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ነጋዴ የበቅሎን ዕድሜ ለመደበቅ ጥርሷን በሞረድ ሲሞርድ አይቻለሁ። የጀርባ ቁስሏን ጥላሸት ቀብቶ ሲሸፍን አይቻለሁ። ሰነፊቱን ጭራዋ ሥር በርበሬ ቀብቶ ሲያስጨፍራት አይቻለሁ። አባቴ “አፏን ተዪና ኮቴዋን እዪ፤ አፍ ይሞረዳል፣ ኮቴ አይዋሽም” ይለኝ ነበር። እኔም መስታወቷን ተውኩና ጎንበስ ብዬ ሥሯን አየሁ። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ጥርሱ አልቆ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። መቀመጫው አዲስ ነው። ቀለሙ ደግሞ ቅባቱና አቧራው ላይ ነው የተቀባው፤ በጣቴ ብጭረው ከነጭቃው ተነሣ። “አብዱ፣ በአራት መቶ ሰዓት የሰው እግር ብረት ይበላል?” አልኩት።

“ኧረ እትዬ ሰዓዳ! ጃፓኖች ቡትስ አድርገው ነው የሚነዱት።”

ሰይድ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። “ሰው አታሳፍሪ፤ የአገራችን ልጅ ነው” አለ በለሆሳስ።

“እንግዲያው ዋስ ይጥራ” አልኩ። ባቲ ዋስ ሳይጠራ የሚሸጥ ፍየል እንኳ የለም። ሻጭ “ዋስ ጥራ” ይባላል፣ ሁለቱም የሚያውቁት ሰው ይመጣል፣ “ተሰርቃ ብትገኝ፣ ነውር ተደብቆባት ቢወጣ፣ አለሁ” ይላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚለው፤ በሹክሹክታ ዋስ የለም። ገበያው ይሰማል፣ አለቀ። አብዱ ከልቡ ሳቀ። “እትዬ፣ ይሄ አሜሪካ ነው እኮ! እዚህ ዋሱ ወረቀት ነው፤ እዚህ ጋ ሳይን ያደርጋሉ፣ በቃ።”

“ወረቀት አፍ የለውም። ሰው ጥራ።”

አብዱ ዞር ሲል ሐጂ ኑርዬን አየ። “ኦኬ፣ ሶ፣ ዋስ ካልጠራህ ካሉኝ ሐጂ ይኸው አሉ። ሐጂ፣ ዋሴ ነዎት አይደል?”

ሐጂ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ነበር። “እንዴታ ልጄ፣ አለሁ” አሉ፤ “ሻይ ጠጡ” ለሚል ሰው “እሺ” እንደሚባለው። የእኛ ሰው ስሕተት ይኸው ነው፤ ሽማግሌ “አይ” ማለት ነውር ይመስለዋል፣ ገዢውም የሽማግሌን “አለሁ” ከምርቃት ይቆጥረዋል። እኔ ግን አልቆጠርኩትም። “ጮክ ብለው ይበሉት” አልኳቸው።

“አለሁ!” አሉ ሐጂ ጮክ ብለው። ሁሉም ሳቁ። ሐጂም ራሳቸው ሳቁ። ከመካከላቸው ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰይድ ወረቀቱን ፈረመ፤ ሐጂ መረቁ፤ ትራክተሯ በተከራየነው ተጎታች ተጭና ሄደች።

አሥራ አንድ ቀን ሠራች። ሰይድ ባለ ሰፊ ጠርዝ ባርኔጣ ገዝቶ እላይዋ ተቀምጦ ሲዞር ያየው ሰው የአውራጃ ገዥ ይመስለው ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነጭ ጭስ ተፍታ ቆመች። ትራክተር የሚሸጠው ትልቁ ድርጅት “ይቺ ለዚህ አገር አልተሠራችም፣ ዕቃዋንም አናመጣም” ብሎ ከበር መለሰን። አንድ ፎርት ዎርዝ የሚኖር ጡረተኛ መካኒክ ሞተሯን ፈታና ጠራን። ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በማጣበቂያ ተደፍኗል። በማጣበቂያው ላይ ያ ብርቱካንማ ቀለም ተቀብቷል። ጥላሸት የተቀባ የበቅሎ ቁስል ማለት ይኼ ነው። የቀባው እጅ ያውቅ ነበር፤ ሳያውቅ አይቀባም።

አብዱ ጋ ሄድን። እጁን እንኳ ከኪሱ አላወጣም። “ወረቀቱ ላይ ምን ይላል? እንዳለች ተሸጠች ነው የሚለው። ጋሽ ሰይድ ሳይን አድርጓል። ምን ላድርግ?” አለ። ሰይድ አንገቱን ደፋ። በማግሥቱ ጓዳ ገብቼ ባየው ያን ረጅም ማጭድ እየሳለ ነው። ሐኪሙ የነገረውን የረሳ እንዳይመስላችሁ። መሬቱን ከሚሸጥ ሣሩ ውስጥ መሞት የመረጠ ሰው ነው የሚስለው። ማጭዱን ነጥቄ ጎረቤት ቤት ደበቅሁት።

አሁን ደግሞ ስልኩ መጮኽ ጀመረ። አንዷ “ተዪው ሰዓዳ፣ ወጣት ነው” ትለኛለች። ሌላዋ “የአገር ልጅ ገበና አታውጪ” ትለኛለች። አንድ በጀመዓችን ኮሚቴ ውስጥ ያለ የተከበረ ሰው “ሶብር ነው እትዬ፣ አላህ በሌላ ይክሳችኋል” አለኝ። አላህ የሚክሰውን አላህ ያውቃል፤ ነውር ደብቆ መሸጥ ሐራም መሆኑን ግን ያ ሰውዬም ያውቃል፣ ለአብዱ ሲነግረው ግን አልሰማሁም። ሁልጊዜ የሚመከረው የተበደለው ነው። የበደለውማ ሥራ ይበዛበታል፣ አይመከርም። “የአገር ልጅ ነው” ይሉኛል፤ እኛን ሲያታልለን እኛ የአገር ልጅ አልነበርንም? የማናውቀው ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ “ክሰሺው” ይሉኝ ነበር። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አረፋ ደረሰ። ያን ጊዜ የራሳችን ቦታ ስላልነበረን አርሊንግተን አዳራሽ ተከራይተን ነበር የምንሰግደው። ሰግደን ስንወጣ፣ ሁሉም አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ሴቶቹ ትከሻው የተነፋ ኮታቸውን ደርበው፣ መኪና ማቆሚያው ላይ እየተቃቀፈ “ኢድ ሙባረክ” ሲባባል፣ ሐጂ ኑርዬ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ብቅ አሉ። አባቴ ይነግረኝ የነበረ የድሮ ነገር አለ፤ ከሳሽ ተከሳሹን ሲያገኝ ልብስ ከልብስ ቋጥሮ፣ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ አብረው ይሄዳሉ። ጠጋ አልኩና የነጠላዬን ጫፍ ከፎጣቸው ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። ጥብቅ አድርጌ ሁለት ጊዜ።

“ሐጂ ኑርዬ፣ ዋስ ነዎት። ትራክተሯ ነውር ተገኝቶባታል። ዳኛ ፊት እስክንቆም አልፈታዎትም።”

ሰው ተንጫጫ። “ሴትዮዋ አበደች!” ያለ ነበር። “ሽማግሌ ይታሰራል? በአረፋ ቀን!” እያሉ አንዱ ቋጠሮውን ሊፈታ እጁን ሰደደ። ሰይድ ከመኪናው ኋላ ተደብቆ ነበር፣ ይቅር ይበለውና። ሐጂ ግን የዚያን ሰው እጅ መለሱት። ቋጠሮውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ አንድ ነገር ረስቶ ድንገት እንዳስታወሰ ሰው ነው የሆኑት።

“ተዋት” አሉ። “እኔን ያሰረኝ አፌ ነው፤ እሷ ያሳየችኝ ገመዱን ነው። አብዱ የታለ?”

አብዱ መኪናውን አስነሥቶ ሄዷል። ሐጂ ትንሽ አሰቡና “ገንዘብ የለኝም ሰዓዳ፤ ታውቂያለሽ። ትራክተሯ ምን ትሠራላችሁ ነበር?” አሉኝ።

“ሣር ታጭዳለች።”

“እንግዲያው ቅዳሜ መጥታችሁ ውሰዱኝ። አሁን ፍቺኝ፣ አልጠፋም።” ፈታኋቸው።

ቅዳሜ ማለዳ ስንደርስ ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዟትን አጭር ማጭድ በጋዜጣ ጠቅልለው። መሬቱ ላይ ደርሰው ፎጣቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ቁጢጥ አሉና ልክ እንደ አገር ቤት እያጨዱ ነዶ ነዶውን ወደ ጎን ይጥሉ ጀመር። ሰይድ ሮጦ ማጭዱን ሊቀበላቸው ቢል “አንተ ገዢ ነህ፣ ጥላ ሥር ተቀመጥ። ዋሱ እኔ ነኝ” ብለው መለሱት። ቀትር ሲሆን እጃቸው አብጦ ነበር። እኔ እንግዲህ ፍትሕ ፈልጌ ነበር የቋጠርኩት፤ ለዚህ አልነበረም። ውኃ ይዤ ቀርቤ “ሐጂ፣ ይብቃ። ይቅር ብያለሁ” አልኳቸው።

“አንቺ ይቅር ብትዪ ቃሌ ይቅር አይለኝም። ዋስ በይቅርታ አይወርድም፤ አባትሽ አልነገረሽም?” ብለው ውኃውን ጠጥተው ዕቃውን መለሱልኝ። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ተናደድኩ። ነገር ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ከራሴ ይልቅ በሌሎቹ ነው የተናደድኩት። ያ “ሶብር ነው” ያለኝ ሰው የት ነበር? ስልክ ከመደወል ማጭድ መያዝ ይከብድ ነበር?

ወሬው ተሰማ። በሁለተኛው ቅዳሜ ሰው በመኪና እየመጣ አጥሩ ጋ ቆሞ ያያል፤ ሐጂ ሰላምታ ይመልሱና ያጭዳሉ። ማንንም አይወቅሱም፣ የአብዱን ስም አያነሡም። ከዚያ በኋላ አብዱ ግቢ ዕቃ ሊገዛ የሄደ ሁሉ “ሐጂ አጭደው ጨረሱልህ ወይ?” ይለው ጀመር። በሦስተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአብዱ ፒክአፕ አቧራውን እያቦነነ ገባ። ከሌላ ትራክተር ላይ የፈታውን ቴስታታ ጭኖ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ።

“ገደላችሁኝ እኮ! ሰው ሁሉ ሌባ አደረገኝ! ሐጂ፣ በናትዎ ይነሡ ከዚያ!”

ሐጂ አልተነሡም። “አንተ ሥራህን ሥራ፣ እኔም ሥራዬን ልሥራ” አሉት። ፀሐይ እስክትጠልቅ እሱ ሞተሩ ላይ፣ እርሳቸው ሣሩ ላይ ነበሩ። ትራክተሯ ተነሣች። አብዱ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መኪናው ውስጥ ገባ። ሐጂ ያን ጊዜ ነው የተነሡት። ጉልበታቸውን እያሹ ወደ መስኮቱ ሄደው “አሁን ከዋስነቴ አወረድከኝ፤ አላህ ይስጥህ” አሉት። መረቁት! እኔ ብሆን ምላሴ ይደርቅ ነበር።

ያቺ ትራክተር አሁንም አለች፤ የልጅ ልጄ ነው የሚነዳት። በግ ገባ፣ አጥር ተተከለ፣ ከዚያ በኋላ አረፋ ሲደርስ ውሸት የተናገረ ሰው በቤታችን የለም። ሰይድ ከሦስት ዓመት በፊት አልጋው ላይ ሞተ። ሣር ውስጥ አይደለም፤ አልጋው ላይ፣ ልጆቹ ከበውት። ይኼን የማን ሥራ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

እንግዲህ ወደ ለቅሶው ልመለስ። ከመጋረጃው ማዶ አብዱ እንዲህ እያለ ነበር፦ “ሐጂ፣ አላህ ይማራቸው፣ እኔን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። አንድ ጊዜ ለጋሽ ሰይድ ትራክተር በርካሽ ሰጠሁት፤ ማለቴ፣ ምንም ሳላተርፍ። ስትበላሽበትም እዚያ ድረስ ነድቼ ሄጄ በነፃ ፊክስ አደረግሁለት። ሐጂም አብረውኝ ነበሩ፤ ቆመው ሲመርቁኝ…” ወጣቶቹ “ማሻአላህ፣ ማሻአላህ” ይላሉ። ምን ያውቃሉ! ቆመው ሲመርቁኝ ይላል። ቁጢጥ ብለው እጃቸው እስኪያብጥ ያጨዱትን ሰው ለቅሷቸው ላይ ቆመው መራቂ አደረጋቸው። ብሩን ወሰደ፣ አለፍነው። አሁን ደግሞ የሟቹን ሥራ ሊወስድ ነው።

ሻዬን አስቀመጥኩ። ነጂባ “እማ፣ ፕሊስ” አለችኝ። ተነሥቼ መጋረጃውን ገለጥኩት። ወንዶቹ ዞረው አዩኝ። አብዱ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ከዘራ ይዟል፣ ወፍሯል።

“እትዬ ሰዓዳ! አሉልኝ እንዴ!” አለ እየሳቀ።

“አለሁ። ያልከውን ሰምቻለሁ። ዋስ ጥራ።”

“ኧረ እትዬ፣ ለወሬ ደግሞ ዋስ ይጠራል?”

“ዋስ የሚያስፈልገውስ ወሬ ነው። ትራክተር ቢበላሽ ይጠገናል። ዋስ ጥራ አብዱ፤ ያልከው እውነት ነው የሚል አንድ ሰው ጥራ።”

አብዱ ዞር ዞር አለ። ወጣቶቹን አየ፤ ያን ጊዜ አልተወለዱም። ያንን “ሶብር ነው” ያለኝን ሰው አየ፤ ሰውዬው ምንጣፉን አየ። መጨረሻ ላይ ዓይኑ የሄደው ጥግ ላይ ወዳለችው ትራስ ነው፤ ሐጂ ኑርዬ ሁልጊዜ ይቀመጡባት ወደነበረችው። ባዶ ነበረች። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ከዘራውን አጠገቡ አስቀመጠ።

“ሐጂ ናቸው ያጨዱት” አለ። “ሦስት ቅዳሜ። በማጭድ። የተሰነጠቀውን የቀባሁት እኔ ነኝ።”

“ጮክ በል” አልኩት፤ “በር ላይ ያሉት አልሰሙህም።”